ከትልቁ መግደፍ፦ የባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ታሪክ

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተዘዋዋሪ በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ወርና ቀን እንደሚውሉ የምታወጣበት የዘመን ስሌት ነው። መስቀልና ጥምቀት ቀናቸው የታወቀ በመሆኑ ማንም ሰው ያለ ስሌት ያውቃቸዋል። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ፋሲካ፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ ግን በየዓመቱ ቦታ ይለውጣሉ። እነዚህ በዓላት ለሦስት ጌቶች ይገዛሉ፦ ለፀሐይ፣ ለጨረቃና ለሳምንቱ ቀን። ፋሲካ በጸደይ መግቢያ ካለችው ሙሉ ጨረቃ በኋላ መዋል አለበት፤ ከእሑድ ውጭ መዋልም አይችልም። ሦስቱ የማይገጣጠሙ ቆጠራዎች መቼ እንደሚገጥሙ ማወቅ የስሌቱ ዋና ጥያቄ ነው። መልሱ በሦስት ቁጥሮች ላይ ቆሟል፤ እነሱም 4፣ 7 እና 19 ናቸው።

4 የወንጌላውያን ቁጥር ነው። ዘመናት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በተራ ይጠራሉ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። 7 የሳምንቱ ቀናት ናቸው። 19 ደግሞ የጨረቃ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይቀረዋል፤ ስለዚህም ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። ይህን ዙር በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በአቴና ያስተዋወቀው ሜቶን ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ካሊጶስ የተባለ ሌላ ግሪካዊ ዙሩን በአራት አብዝቶ 76 አደረገው። ምክንያቱም የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ሩቡ ሙሉ ቀን ሆኖ የሚወጣው በአራት ዓመት ነው። 76 ዓመት ልክ 27,759 ቀን ይሆናል፤ ትርፍ ሰዓት የለውም።

የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዙሮቹን «ዐውድ» ይሏቸዋል። ከሰባቱ ዐውዶች ውስጥ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ፀሐይ 28፣ ዐውደ ማኅተም 76፣ ዐውደ ቀመር ደግሞ 532 ዓመት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ቢበትኗቸው ዝምድናቸው ይገለጣል። 19 ራሱ ብቸኛ ነው። 28 የ2፣ የ2 እና የ7 ብዜት ነው። 76 የ2፣ የ2 እና የ19 ብዜት ነው። 532 ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ይይዛል፦ 2 በ2 በ7 በ19። 28ና 76 አራትን ስለሚጋሩ አንዱን በሌላው ማብዛት አያስፈልግም፤ ቢበዙ 2,128 ይሆኑ ነበር። የጋራውን አራት አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠር ይበቃል፤ ውጤቱም 532 ነው። በሌላ አነጋገር የ76 ዓመቱ 27,759 ቀን በ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ከአንድ ማኅተም በኋላ ጨረቃውም ወንጌላዊውም ቢመለሱ የሳምንቱ ቀን በአራት ይዛነፋል። ሰባት ማኅተም ሲሞላ ግን መዛነፉም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ፋሲካዎች ሁሉ በቀድሞ ተራቸው እንደገና ይመጣሉ።

ትውፊቱ የዚህን ስሌት መገኘት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ድሜጥሮስ በ189 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ወደ መንበሩ የወጣ፣ ቀድሞ በወይን ተክል ቦታ ሠራተኛ የነበረና ፊደል ያልተማረ ሰው እንደነበር ይተረካል። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ፣ ሆሳዕናና ፋሲካ ከእሑድ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ርክበ ካህናት ከረቡዕ፣ ዕርገት ከሐሙስ እንዳይወጡ ሲመኝ መልአክ ተገልጦለት ሱባዔ እንዲገባ አዘዘው ይላሉ። ሌሊት 23፣ ቀን 7 ሱባዔ ያዘ። 23 በ7 ሲበዛ 161 ነው፤ ይህ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም 30 እየተደጋገመ ሲቀነስ፣ 11 ይተርፋል፤ እሱም ጥንተ አበቅቴ ሆነ። 7 በ7 ደግሞ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ እሱም ጥንተ መጥቅዕ ሆነ። ታሪኩ የሒሳብ ማስታወሻ ሆኖ ተማሪን እንዲያገለግል የተቀመረ ይመስላል። 11 የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት ነው፤ 365 ሲቀነስ 354። 19 ደግሞ ወሩ ሠላሳ እንዲሞላ የሚቀረው ነው። አንድ ተማሪ የሱባዔውን ታሪክ ካስታወሰ ሁለቱን ቁጥሮች መርሳት አይችልም።

የታሪክ ምርምር ስሌቱን በእስክንድርያ ብዙ እጆች የገነቡት አድርጎ ያየዋል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያዊው አናቶልዮስ የ19 ዓመቱን ዙር ለፋሲካ አዋለው። በ325 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የኒቅያ ጉባኤ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ወሰነ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መነኩሴው አንያኖስ የ532 ዓመቱን ዙር ከዓለም ፍጥረት ቆጠራ ጋር አያያዘ። ኢትዮጵያ ዛሬም ከአውሮፓ በሰባትና በስምንት ዓመት ወደኋላ የምትቆጥረው ይህንኑ የእስክንድርያ አቈጣጠር ስለያዘች ነው። በምዕራብ በኩል ቪክቶርዮስ በ457 (በአውሮፓ አቈጣጠር) የራሱን የ532 ዓመት ሰንጠረዥ አወጣ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ቤዳ በ725 በጻፈው መጽሐፍ ቆጠራውን በእጅ ጣቶች አስተማረ። የአንድ እጅ 14 አንጓዎችና 5 ጥፍሮች 19 ይሆናሉ፣ የሁለት እጅ አንጓዎች ደግሞ 28።

ወደ ግእዝ የገባው ስሌት ከዚያው ከእስክንድርያ ምንጭ የተቀዳ ነው። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በቪየና ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ስሌት ጥናቱ፣ የግእዝ ሰንጠረዦች የጥንቱን የእስክንድርያ ክርስቲያኖች አሠራር ጠብቀው እንዳቆዩ አሳየ። በግሪክ ቋንቋ የጠፋው በብራና ላይ በግእዝ ተገኘ ማለት ነው። ሌላው ምንጭ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብጻዊ ሊቅ አቡ ሻኪር በዐረብኛ የጻፈው ሥራ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ «አቡሻኽር» የመጽሐፉ ስም ብቻ ሳይሆን የትምህርቱም መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በአማርኛ የተሟላውን ማብራሪያ የሰጠው ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ በ2000 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ያሳተመው መጽሐፍ ነው።

የ532 ዓመቱ ዙር በታሪክ ጸሐፊዎች ላይ ያመጣው አንድ ችግር አለ። ዛሬ «ዓመተ ምሕረት» ሲባል ከክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው ዘመን ነው። በብዙ ጥንታዊ ብራናዎች ግን ይኸው ስም በዐውደ ቀመር ውስጥ ያለውን ዓመት ያመለክታል፤ ቀመሩ 532 ሲሞላ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። መነሻው ዘመነ ሰማዕታት ነው። ዘመነ ሰማዕታት በ277 ዓ.ም. ጀመረ፤ ሁለት ቀመር ሲጨመርበት 1341 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ «በ77 ዓመተ ምሕረት» ብሎ ከተወ፣ ከክርስቶስ ልደት 77ኛውን ዓመት ሳይሆን 1417 ዓ.ም. ማለቱ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቀመር እንደሆነ ጸሐፊው ካልገለጸ አንባቢው ከንጉሡና ከጳጳሱ ስም ማውጣት ይኖርበታል። የሰማዕታት ቆጠራና የዓመተ ዓለም ቆጠራ ቀመራቸው በተለያየ ጊዜ ቢጀምርም የጨረቃው ስሌት አልተፋለሰም። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ከ277 በፊት ያለፈው 5,776 ዓመት ልክ 76 ጊዜ 76 ነውና ሁለቱም ቆጠራዎች የጨረቃውንም የወንጌላዊውንም ዙር አብረው ይጀምራሉ።

የስሌቱ አሠራር የሚጀምረው ከዓመተ ዓለም ነው። 5500 ዓመተ ፍዳ በዓመተ ምሕረት ላይ ይደመራል። ከዚያ ዓመቱ በ19 ዙር ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ መገኘት አለበት። ይህን ለማወቅ 19ን ደጋግሞ መቀነስ ይበቃል፤ ነገር ግን ሥራው ይረዝማል። የአድዋ ጦርነት የተደረገበትን 1888 ብንወስድ ዓመተ ዓለሙ 7388 ነው፤ 19ን 388 ጊዜ መቀነስ ይጠይቃል። መምህራኑ የሚያዙት ሌላ ነው። መጀመሪያ በዐቢይ ቀመር በ532፣ ቀጥሎ በማዕከላዊ ቀመር በ76፣ በመጨረሻ በንዑስ ቀመር በ19 መግደፍ ነው። ከ7388 ላይ 532 አሥራ ሦስት ጊዜ ሲነሣ 472 ይቀራል። ከ472 ላይ 76 ስድስት ጊዜ ሲነሣ 16 ይቀራል። 16 ከ19 ስለሚያንስ እዚያው ይቆማል። 388 ቅነሳ የነበረው 19 ብቻ ሆነ።

በዛሬው የኮምፒውተር ትምህርት ይህ አካሄድ «ግሪዲ አልጎሪዝም» ይባላል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚቻለውን ትልቁን መውሰድና ወደኋላ አለመመለስ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ችኩል ዘዴ ሁልጊዜ አይሳካም። በኢትዮጵያ ሳንቲሞች የ25ና የ10 ሳንቲም አሉ፤ 5 ሳንቲም የሌለው ነጋዴ 30 ሳንቲም ሊመልስ ትልቁን 25 አስቀድሞ ቢያነሣ ቀሪውን 5 መክፈል ያቅተዋል፤ ሦስት 10 ቢሰጥ ግን ይጨርስ ነበር። በባሕረ ሐሳብ ይህ አይደርስም፤ ምክንያቱ በብቸኛ ቁጥሮቹ ውስጥ ነው። 19 ለ76 አካፋይ ነው፣ 76ም ለ532። እያንዳንዱ ቀመር የታናሹን አካፋዮች በሙሉ ወርሶ አንድ ነገር ይጨምራል፤ 76 አራትን፣ 532 ሰባትን። ከታናሹ አራት ከተጠራቀመ በአንድ 76፣ ከ76 ሰባት ከተጠራቀመ በአንድ 532 ይተካል። ስለዚህ ትልቁን ያስቀደመ ሰው ማዕከላዊውን ከስድስት፣ ንዑሱን ከሦስት ጊዜ በላይ ፈጽሞ አያነሣም፤ ከዚህ ያነሰ የቅነሳ መንገድም የለም።

28 በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያልገባው ለዚህ ነው። ዐውደ ፀሐይ ከሰባቱ አንዱ ቢሆንም 19ን በውስጡ አልያዘም። ተማሪ ከ76 ቀጥሎ 28ን ቢያስገባ የጨረቃውን ቁጥር ያበላሻል። በ2011 ዓመተ ዓለሙ 7511 ነበር፤ ከዚህ 14 ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም 7448፣ ሲነሣ 63 ይቀራል። 63 በ19 ቢገደፍ 6 ይተርፋል። በመካከል 28 ሁለት ጊዜ ቢቀነስ ግን የሚተርፈው 7 ነው፤ ጾሙም ፋሲካውም ቦታ ይስታሉ። የመምህራኑ ትእዛዝ 28ን ለብቻው አስቀምጦ የሳምንቱን ቀን በሌላ ስሌት ማውጣቱ የቁጥሮቹን ባሕርይ በትክክል እንደተረዱት ያሳያል፤ በማስረጃ ጽፈው ባይተዉትም። የግእዝ አኃዝ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይመቻል። ዜሮ የለውም፣ የቦታ ዋጋም የለውም፤ 7511 በሰባ አምስት መቶና በአሥራ አንድ ፸፭፻፲፩ ተብሎ ይጻፋል። በእንዲህ ያለ አጻጻፍ ረጅም ማካፈል አስቸጋሪ ነው፤ መቶውን ከመቶ መቀነስ ግን ቀላል ነው።

2011 በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚታወስ ዓመት ነው። የካቲት 27 ቀን የከተማው አስተዳደር ከ51 ሺህ በላይ ለሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ አወጣ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በደቡብ ምሥራቅ ዳር በኮዬ ፈጬ የተሠሩ ነበሩና ዕጣው ብርቱ ውዝግብ አስነሣ። ዕለቱ ከዐቢይ ጾም አንጻር የት እንደዋለ በባሕረ ሐሳብ ማውጣት የስሌቱን ቀሪ ክፍል ያሳያል።

ከግድፈቱ የተረፈው 6 «መደብ» ይባላል። «አሐዱ አዕትት ለዘመን» በሚለው ትእዛዝ ከመደቡ አንድ ይነሣል፤ ዓመቱ ገና ስላላለቀ ነው። የቀረው 5 ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲበዛ 55፣ በ30 ሲገደፍ 25 ይሆናል፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 ሲበዛ 95፣ በ30 ሲገደፍ 5 ይሆናል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው ሁልጊዜ 30 መሙላት አለባቸው፤ ካልሞሉ ስሌተኛው ስቷል። 25ና 5 ሠላሳ ስለሞሉ ሥራው ትክክል ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 14 ራሱስ ቢሆን? አይሆንም፤ በ19ኙ ወንበሮች ሁሉ ቢሞከር 14 የሚባል መጥቅዕ አይወጣም።

የ2011 መጥቅዕ 5 ስለሆነ በዓሉ ጥቅምት 5 ነው። ዕለቱን ለማወቅ ዓመተ ዓለሙ ከአራተኛ እጁ ከ1877 ጋር ይደመራል፤ 9388 ይመጣል፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2011 በማክሰኞ ዋለ። ከዚያ ጥቅምት 5 ሰኞ ሆነ። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ጭማሪ አለው፦ ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት አራት ወራት 120 ቀን ናቸው፤ ያም 17 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው። ተውሳኩ ከዚያ አንድ ቀን ጋር ሲደመር ሰኞን ያመጣል። የሰኞ 6 ከመጥቅዑ 5 ጋር 11 ይሆናል፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ነነዌ በየካቲት 11 ገባ። ለዐቢይ ጾም 14 ሲጨመር የካቲት 25፣ ለፋሲካ በዚያው በ11 ላይ 9 ሲጨመር ወሩ ተዛውሮ ሚያዝያ 20 ሆነ። የኮዬ ፈጬ ዕጣ የወጣው እንግዲህ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ነው።

ይኸው ስሌት ለ1888 ሲሠራ ወንበሩ 15፣ አበቅቴውም መጥቅዑም 15 ይወጣሉ። መጥቅዕ በመስከረም 15 ረቡዕ ዋለ፤ ተውሳኩ 4 ተጨምሮ ነነዌ ጥር 19፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 3፣ ፋሲካ መጋቢት 28 ሆኑ። የአድዋ ድል የተገኘበት የካቲት 23 ጾሙ ሦስት ሳምንት የሞላበት እሑድ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ስያሜ መጻጉዕ ነው። የቀን መዛባት ያለበት ዜና መዋዕል በዚህ መንገድ ሊፈተሽ ይችላል፤ አንድ ጸሐፊ ክስተቱን በዕለትና በጾም ሳምንት ካሰረው ዓመቱ ከጥቂት አማራጮች አይወጣም።

የመጥቅዑና የተውሳኩ ዳርቻዎች የበዓላቱንም ዳርቻ ይወስናሉ። በመስከረም የሚውለው ትንሹ መጥቅዕ 15፣ ትንሹ ተውሳክ 2 ስለሆነ ነነዌ ከጥር 17 በፊት አይገባም። በጥቅምት የሚውለው ትልቁ መጥቅዕ 13፣ ትልቁ ተውሳክ 8 ስለሆነ ከየካቲት 21 አያልፍም። ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባሉት 35 ቀናት ውስጥ ይመላለሳል። 2011 የሰጠውን ሚያዝያ 20 ሁሉ ነገሩ ሳይለወጥ ያከበሩት ከ532 ዓመት በፊት በ1479 በአፄ እስክንድር ዘመን የነበሩት ናቸው።

ዙሩ እንዲህ የጸናው ኢትዮጵያ የጥንቱን የአራት ዓመት ሰግር (ተጨማሪ ቀን) ሳትነካ ስላቆየች ነው። ሮም በ1582 (በአውሮፓ አቈጣጠር) አቈጣጠሯን ስታሻሽል በየአራት መቶ ዓመቱ ሦስት ሰግር ጣለች፤ የጨረቃውንም አበቅቴ አረመች። ሰማዩን በተሻለ ተከተለች፤ ነገር ግን ፋሲካዋ በቀድሞ ተራው ለመመለስ 5,700,000 ዓመት ይፈጅበታል። የባሕረ ሐሳብ ጨረቃ ግን በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ስለሚዘገይ ዛሬ ከሰማዩ ጨረቃ በጥቂት ቀናት ይለያል። መምህራኑ ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም፤ የታሰበው ጨረቃ ለበዓል ሥርዓት የተቀመረ ነውና።

የዘመን መለወጫ ዕለት መስከረም 1 ወንጌላዊው፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑና አጽዋማቱ በአብያተ ክርስቲያናት ይታወጃሉ። ሕዝቡ ግን ቀኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያና ከስልክ ነው። ስልኩ ማዕከላዊ ቀመር አያስፈልገውም፤ 7511ን በ19 በአንድ ትእዛዝ ያካፍላል፣ ቅሪቱንም ይይዛል። ከዚያ በኋላ ያለው ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕና ተውሳክ ሳይለወጥ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፏል። በዓመተ ዓለም ቆጠራ 14ኛው ዐቢይ ቀመር በ1948 ተፈጽሟል፤ በ1949 የጀመረው 15ኛው የሚሞላው በ2480 ዓ.ም. ነው።